አንጀትና የመጠጥ ሱስ

«ቢፈልግ ኖሮ ይተው ነበር።» በመጠጥ ሱስ ስለተያዘ ወንድማችን ብዙ ጊዜ የምንሰማው፣ ምናልባትም እኛው ራሳችን የምንናገረው ቃል ይህ ነው። ዛሬ የሕክምና ሳይንስ በዚህ አነጋገር ላይ ምን እንደሚል እንመለከታለን።

በአንጀታችን ውስጥ ቁጥር ሥፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ብዙዎቹ ምግብ በመፍጨት ይረዱናል፤ የአንጀትንም ግድግዳ ይጠብቃሉ። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ግን የባክቴሪያዎቹ ሚዛን ይናጋል፤ ግድግዳውም ይላላል። በዚህ ጊዜ የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ያልፋል። የሰውነት መከላከያም ይነሣበታል፤ ከዚህ የሚመጣው ብግነት ጉበትን ይጎዳል፤ ተጽዕኖውም እስከ አንጎል ይደርሳል።

በቤልጅየም የሚገኘው የሉቫን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጠጥ ለማቆም ሆስፒታል የገቡ ሕሙማንን መርምረው ውጤቱን በ2014 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አንጀታቸው የላላና ባክቴሪያዎቻቸው የተዛቡባቸው ሕሙማን፣ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይጠጡ ቆይተው እንኳ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ኀዘን፣ ጭንቀትና የመጠጥ አምሮት ጸንቶባቸው ተገኝቷል።

በአሜሪካ በሪችመንድ ከተማ ደግሞ የጉበት ሕመም ባለባቸው 20 ጠጪዎች ላይ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከጤናማ ሰው የተወሰደ የአንጀት ባክቴሪያ ከተሰጣቸው 10 ሰዎች በ9ኙ፣ ካልተሰጣቸው 10 ሰዎች ግን በ3ቱ ብቻ፣ ከ15 ቀን በኋላ አምሮቱ ቀንሷል። ጥናቱ አነስተኛ ስለሆነ ገና እንደ መደበኛ ሕክምና አይቆጠርም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

1. የሰው ፈቃድ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን የሚታገለው ከታመመ አካል ጋር ነው። ስለዚህ ስድብ መድኃኒት አይሆንም።

2. መጠጥ ባቆመ በሦስተኛው ሳምንት ፊቱ የጠቆረውን ሰው «አሁንማ ድነሃል» ብለን አንተወው። ጉብኝታችን ይበልጥ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

3. አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና ለሞት የሚያደርስ የሚጥል ሕመም ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

ሀ) በቁምስናችን መጠጥ ለማቆም የሚታገለውን ሰው የምንጠራው በምን ስም ነው?

ለ) በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማን ይጎበኘዋል? በድግስና በማኅበር ቀንስ ከመጠጥ ሌላ ምን እናቀርብለታለን?