መርዙ ጭቃው ውስጥ ነው

በብዙ የስካንዲናቪያ ሐይቆች ዓሣ ያለቀው በአሲድ ዝናብ ነው። አሲዱ አሉሚኒየምን ከአፈር ያሟሟል፤ አሉሚኒየሙ በዓሣው ስንጥብ ላይ ይለጠፋል፤ ውሃው ውስጥ ኦክሲጅን እያለ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል።

የእኛ ጎሊናና ሆርማት ግን ከባዛልት ተራራ ስለሚወርዱ ውሃቸው ባይካርቦኔት አለው፤ አሲድ ቢገባበት ያለዝበዋል። ታዲያ ሥጋት የለብንም? እንዲያ አይደለም።

እዚሁ ወሎ ውስጥ ኮምቦልቻን እንይ። የሌዮሌ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብሎ ቦርከና ይገባል። በ2006 ዓ.ም. ገደማ ሲለካ ከፋብሪካው በታች ክሮሚየም በዝቶ ተገኝቷል። አሲድ በሌለበት ውሃ ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም አብዛኛው ሳይሟሟ ጭቃው ላይ ይዘቅጣል። ውሃው ላይ ላዩን ቢጠራም መርዙ አልሄደም። ጭቃውን የነፍሳት እጭ ይበላዋል፥ እጩን ደግሞ ዓሣ። አሲድነት ያለው ፍሳሽ የመጣ ዕለት የዘቀጠው ተመልሶ ይሟሟል።

ስለዚህ ተማሪ ይዞ ጎሊና የሚወርድ መምህር ሊትመስ ወረቀት ብቻ አይያዝ፤ ድንጋይም ይገልብጥ እንጂ! በንጹሕ ጅረት ከድንጋይ ሥር ባለሦስት ጅራት እጮች ተጣብቀው ይገኛሉ። እነሱ ጠፍተው በጭቃው ቀይ ትላትል ብቻ ከቀሩ፥ ወደ ላይ ወጥቶ ምን እንደሚፈስ ማየት ነው። ደራሽ ባለፈ ማግስት ግን ቆጠራ የለም፤ ጎርፉ ድንጋዩንም እጩንም ጠርጎት ሄዷልና።