አዲስ ዘመን ጋዜጣ እንደ ጌዴኦ የታሪክ ምንጭ፦ ስለ ስም፣ ስለ ዝምታና ስለ ቋንቋ አጭር ምልከታ

የጌዴኦን የቅርብ ዘመን ታሪክ የሚያጠና ተመራቂ ተማሪ ብዙውን ጊዜ መንገዱን የሚጀምረው ከሶንጎ ሽማግሌዎች ነው። ይህ ተገቢ ነው። የተጻፈው ግን በቶሎ ያልቃል። ቻርልስ ማክሌላን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ ጌዴኦ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የነበረውን ግንኙነት ከ1895 እስከ 1935 (እ.ኤ.አ.) ድረስ መርምሯል። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በአንጻሩ ሳስቶ ይታያል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ የሚጀምረው በዚሁ የሳሳ ዘመን መግቢያ ላይ ስለ ሆነ፣ ከግርጌ ማስታወሻነት ያለፈ ቦታ ሊሰጠው ይገባል የሚለው የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ ነው።

ጋዜጣው ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። ስያሜውን ያገኘው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን ወደ መናገሻቸው ሲመለሱ ዕለቱን የአዲስ ዘመን መጀመሪያ አድርገው ካወጁበት ንግግር ነው። ስለዚህ ስሙ ራሱ ርእሰ አንቀጽ ነበር ማለት ይቻላል። ከእርሱ በፊት አእምሮና ብርሃንና ሰላምን የመሳሰሉ ጋዜጦች ነበሩ፤ ሆኖም ከመንግሥት መንግሥት እየተሻገረ እስከ ዛሬ የዘለቀው አዲስ ዘመን ነው። መጀመሪያ ሳምንታዊ ነበር፤ በ1950ዎቹ መባቻ ዕለታዊ ሆነ። ይህ ለውጥ ለአጥኚው ቀላል አይደለም። ሳምንታዊ ጋዜጣ የሚመርጠው ዐበይት ጉዳዮችን ነው፤ ዕለታዊ ጋዜጣ ግን ገጹን ለመሙላት ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣውን ትንሽ ወሬ ሁሉ ይፈልጋል። የወረዳ ሹመት፣ የትምህርት ቤት ምረቃ፣ የመንገድ ሥራና የቡና ጉዳይ የሚገኘው በዚህ ዓይነት ዜና ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው እንቅፋት ስም ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመንግሥት ጽሑፎች ሕዝቡን «ደራሳ»፣ ዲላን ዋና ከተማው ያደረገውንና በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረውን አውራጃም የደራሳ አውራጃ ይሉት ነበር። በ1950ዎቹ ቅጾች ውስጥ «ጌዴኦ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ የሚፈልግ ተማሪ ባዶ እጁን ቢመለስ፣ ጋዜጣው ስለ ሕዝቡ አልጻፈም ብሎ መደምደም የለበትም። የአጻጻፍ ልዩነትም ይታሰብበት፤ ይርጋ ጨፌ አንዳንዴ ተለያይቶ፣ አንዳንዴ ተጣምሮ ይጻፋል። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም ወደ ኅትመት የገባበትን ጊዜ በቅጾቹ እየተከተሉ መመዝገብ ብቻውን አንድ የማስተርስ ጥናት ይወጣዋል።

ሁለተኛውና የከበደው ዝምታ ነው። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ጭሰኞች በባለ ርስቶች ላይ ተነሥተዋል፤ የሚጭሌው ግጭት ዛሬም በሽማግሌዎች ይነገራል። የጭሰኛውን ድምፅ በመንግሥት ጋዜጣ ውስጥ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው። ቅድመ ምርመራ ባለበት ዘመን ያልተጻፈው ነገር ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ለማየት የወሎን ረኃብ ማስታወስ ይበቃል፦ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስከ ታየበት ጊዜ ድረስ ረኃቡ ከአደባባይ ተሸሽጎ ቆይቷል። እንግዲህ የ1952ን ቅጽ የሚገልጥ ሰው አጠገቡ የቃል ምስክርነት ሊኖረው ይገባል። ሽማግሌው የሚናገሩትን ጊዜ ከጋዜጣው ቀን ጋር ማስተያየት፣ በዚያው ሰሞን ከሲዳሞ ምን ዓይነት ዜና እንደ ወጣ መመልከት፣ ዝምታውን ራሱን ማስረጃ ያደርገዋል።

ይህ ማለት ጋዜጣው የቢሮ ወሬ ብቻ ነበር ማለት አይደለም። ብርሃኑ ዘሪሁንና በዓሉ ግርማ በአዘጋጅነት ሠርተውበታል። የዘመናዊው አማርኛ ዝርው ጽሑፍ በከፊል የተቀረጸው በእንዲህ ያሉ እጆች ነውና፣ ዜናውን ብቻ እያነበቡ ሐተታውንና የአንባቢ ደብዳቤውን መዝለል ትልቅ ኪሳራ ነው።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ የጋዜጣው ቃላት ተለወጡ። ጭሰኛው «ገበሬ»፣ ባላባቱ «አድኃሪ» ሆነ። ለቡና አምራቹ ጌዴኦ አዋጁ የመሬት ብቻ ሳይሆን የዛፍም ጉዳይ ነበር፤ ቡናና እንሰት የተተከለበት ማሳ እንደ እህል ማሳ በየዓመቱ አይታረስምና። ይህን ልዩነት ለመላ አገሪቱ በአንድ ቃል የሚናገር ጽሑፍ ሊያሳየን አይችልም።

ከዚህ የቋንቋ ጥያቄ ይከተላል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጠቀመባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ሲሆን፣ የተጻፈውም በፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ግን በላቲን መጻፍ ጀመረ። በዚህም ምክንያት አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቋንቋ ተነጋግረው በሁለት ጽሕፈት ያነባሉ። በጌዴኦኛ ዕለታዊ ጋዜጣ ያልተፈጠረው በዚህ ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ እኔ ግን በቂ ምክንያት አድርጌ አልወስደውም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በፊደል የተጀመረው የኦሮምኛው ጋዜጣ በሪሳ ወደ ቁቤ ተሻግሮ ቀጥሏልና።

ከሩቅ አገር አንድ ማነጻጸሪያ ልጥቀስ። በደቡብ ሕንድ የካናዳ ቋንቋ ዕለታዊ ጋዜጣ የሆነው ኡዳያቫኒ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው በትልቅ ከተማ ሳይሆን፣ በትምህርት ተቋማቷ በምትታወቀው በትንሿ ማኒፓል ነው። ካናዳ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ተናጋሪዎች አሉት፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጌዴኦ ተወላጆች አንድ ሚሊዮን አይሞሉም ነበር። ስለዚህ ዕለታዊ ጋዜጣ በጌዴኦኛ መመኘት ከገበያው ጋር አይገጥምም። የዩኒቨርሲቲ ከተማ የሆነችው ዲላ የወር ወይም የሳምንት ኅትመት ለመሸከም ታንሳለች ማለት ግን አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጌዴኦዎች ከምዕራብ ጉጂ ሲፈናቀሉ፣ መከራው በአማርኛና በእንግሊዝኛ በቁጥር ተዘግቧል፤ ተፈናቃዮቹ በገዛ ቋንቋቸው የተናገሩት ግን በቶሎ ካልተቀዳና ካልተጻፈ የሚጭሌን ዕጣ ይከተላል።

የአዲስ ዘመን ቅጾች በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይገኛሉ። ሥራውን ለሚጀምር ተማሪ ከ1951 እስከ 1967 ዓ.ም. ያለው ዘመን በቂ ነው፤ «ደራሳ»፣ «ጌዴኦ»፣ «ዲላ» እና «ይርጋ ጨፌ» የሚሉት ቃላት የወጡበት ቀን፣ ቁጥርና ገጽ በአንድ መዝገብ ይስፈር፤ አንድም ቃል ያልወጣባቸው ወራትም አብረው ይመዝገቡ።