ሰው የሚፈልጉ የጣሊያን መንደሮች፦ ከመዛወር በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ቦታዎቹ የትኞቹ ናቸው?

ጣሊያን ሲባል ለአብዛኛው አበሻ ቶሎ የሚታወሰው ሮም፣ ሚላኖና ቦሎኛ ነው። ሞሊዜን፣ ባሲሊካታንና ካላብሪያን ግን ጣሊያን ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው እንኳ ረግጧቸው ላያውቅ ይችላል። ሞሊዜ በ1963 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከአብሩዞ ተነጥላ ለብቻዋ ክልል የሆነች ናት። ሕዝቧ 300 ሺህ አይሞላም፤ ያም ሕዝብ በ136 ኮሙኔዎች (ማዘጋጃ ቤቶች) ተበታትኖ ይኖራል። ባሲሊካታን ዓለም ያወቃት በማቴራ ነው። የማቴራ የዋሻ ቤቶች በ1993 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፣ ከተማዋም በ2019 የአውሮፓ የባህል መዲና ነበረች። ከማቴራ አልፎ ወደ ተራሮቹ የሚዘልቅ እንግዳ ግን ጥቂት ነው። ካላብሪያ ደግሞ ከሲሲሊ ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የደቡብ ጫፍ ናት።

በእነዚህ ክልሎች ቤት በርካሽ እየተሰጠ፣ አንዳንዴም ገንዘብ እየተከፈለ "ኑና ኑሩ" የሚል ጥሪ መሰማት ከጀመረ ሰንብቷል። በአውሮፓም በአሜሪካም ያለው ወገናችን ስለዚህ መጠየቁ ተገቢ ነው። ጥያቄውን ግን ከቤቱ ዋጋ መጀመር አይገባም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ነዋሪዎቹ ለምን ሄዱ የሚለው ነው። እነሱን ያስለቀቀው ችግር ዛሬም ካለ፣ አዲስ የሚመጣውንም ማስለቀቁ አይቀርም።

ለምን ባዶ ሆኑ?

የሙሶሊኒ መንግሥት የማይፈልጋቸውን ሰዎች ከሚያግዝባቸው ቦታዎች መካከል እነዚህ ተራሮች ነበሩበት። ሐኪምና ሠዓሊ የነበረው ካርሎ ሌቪ በ1935 ወደ ባሲሊካታ ተጋዘ፤ መጀመሪያ ግራሳኖ፣ ቀጥሎም አሊያኖ በምትባል መንደር ተቀመጠ። የተፈታው በ1936 የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ ለዚያ ድል ተብሎ በታወጀ ምሕረት ነው። የእኛ መዲና መያዝ ለእሱ የነፃነት ምክንያት ሆነ። ስለ ግዞቱ የጻፈው መጽሐፍ በ1945 ታትሞ የአካባቢውን ወባና ድህነት ለጣሊያኖች ለራሳቸው አሳወቀ። የኢትዮጵያ መኳንንትም ከተጋዙባቸው ቦታዎች አንዷ በካላብሪያ ተራሮች ላይ ያለችው ሎንጎቡኮ ነበረች። ለግዞት ያስመረጣቸው ለመግባትም ለመውጣትም አስቸጋሪ መሆናቸው ነው።

ገበሬው ግን በገዛ እግሩ ወጣ። መጀመሪያ ወደ አሜሪካና አርጀንቲና ሄደ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ወደ ቶሪኖ ፋብሪካዎች፣ ወደ ጀርመንና ወደ ቤልጅየም የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች። በኦገስት 1956 ማርሲኔል በተባለው የቤልጅየም ማዕድን ማውጫ በተነሣው እሳት 262 ሰዎች ሲሞቱ 136ቱ ጣሊያኖች ነበሩ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከአብሩዞ መንደሮች የሄዱ ናቸው። ወጣቱ ሲሄድ የሚወለድ ልጅ ቀነሰ፤ ተማሪ ሲያጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ለመቅረት ወስነው የነበሩት ወላጆችም ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ።

የሚቀርበው ማባበያ

ከሁሉ ይበልጥ የተወራለት የ1 ዩሮ ቤት ነው። ሐሳቡን በ2008 ያነሣው የሲሲሊዋ ሳሌሚ ከንቲባ የነበረው ቪቶሪዮ ዝጋርቢ ሲሆን፣ በኋላ ጋንጂ፣ ሙሶሜሊና ሳምቡካ በሲሲሊ፣ ቺንኩዌፍሮንዲ በካላብሪያ ተከትለውታል። አንዱ ዩሮ የቤቱ ሒሳብ መጀመሪያ ብቻ ነው። ገዢው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሺህ ዩሮ የሚቆጠር ዋስትና ያስይዛል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የእድሳት ፕላን ያቀርባል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሠርቶ ይጨርሳል። ካልጨረሰ ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል። የኖታዮ (የውል አረጋጋጭ) ክፍያ፣ የመሐንዲስ ክፍያና ግብር ይጨመራል፤ እድሳቱም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ሊፈጅ ይችላል። እንዲህ ያለ ቤት ስታዩ ግድግዳው አያሳስባችሁ፤ ቀና ብላችሁ ጣራውን የተሸከመውን እንጨት እዩ። ቀጥሎም ቤቱ በስንት ወራሾች ስም እንዳለ ጠይቁ። አያት የተወው ቤት ቦነስ አይረስ፣ ቶሮንቶና ቶሪኖ በሚኖሩ የልጅ ልጆች መካከል የተከፋፈለ ሊሆን ይችላል፤ ካልተስማሙ ሽያጩ አይፈጸምም።

ሞሊዜ በ2019 ነዋሪያቸው ከ2,000 ወደሚያንስ መንደሮች ለሚዛወር ሰው እስከ ሦስት ዓመት በወር 700 ዩሮ እንደምትሰጥ አስታወቀች፤ ተዛዋሪው ግን እዚያ ንግድ ወይም ሥራ መክፈት ነበረበት። ካላብሪያም በ2021 ዕድሜያቸው ከ40 በታች ለሆኑ እስከ 28 ሺህ ዩሮ የሚሰጥ እቅድ አወጣች። እንዲህ ያሉት ጥሪዎች በማስታወቂያ ተከፍተው በጀቱ ሲያልቅ የሚዘጉ ስለሆኑ፣ ጥሪው አሁንም ክፍት መሆኑን ከራሱ ከኮሙኔው ወይም ከክልሉ ሳያረጋግጡ ሻንጣ ማዘጋጀት አያስፈልግም።

ጡረተኞችን የሚመለከት ደግሞ አለ። ከ2019 ጀምሮ ከውጭ አገር ጡረታ የሚቀበል ሰው በደቡብ ክልሎች ትንሽ ከተማ ውስጥ ቢሰፍር ከውጭ በሚያገኘው ገቢ ላይ እስከ አሥር ዓመት 7 በመቶ ብቻ ግብር እንዲከፍል ሕግ ወጥቷል። ሕጉ ሲወጣ የከተማዋ ነዋሪ ከ20 ሺህ እንዳይበልጥ፣ ሰውየውም ባለፉት አምስት ዓመታት በጣሊያን ግብር ከፋይነት ያልተመዘገበ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ዋሽንግተን ሠርቶ ጡረታ የወጣ ኢትዮጵያዊ በዚህ ሊጠቀም ይችላል። ነገር ግን ጡረተኞች የሚገቡበት "ሬዚደንሳ ኤሌቲቫ" የተባለው ቪዛ ሥራ መሥራትን ጨርሶ አይፈቅድም።

ሦስቱ መለኪያዎች

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቅመውን መለኪያ ያወጣው የጣሊያን መንግሥት ራሱ ነው። ከ2012 በኋላ ፋብሪትሲዮ ባርካ በተባለው ሚኒስትር አነሣሽነት "ውስጠኛ አካባቢዎች" የሚባሉትን የሚመለከት ብሔራዊ ስልት ተነደፈ። የአንድ ቦታ ርቀት በኪሎ ሜትር አልተለካም። የድንገተኛ ሕክምና ያለው ሆስፒታል፣ የተሟላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትና ደህና የባቡር ጣቢያ ሦስቱንም የያዘ ማዕከል ጋ ለመድረስ በሚፈጀው ደቂቃ ተለካ እንጂ። በ2014 ምደባ ከ40 እስከ 75 ደቂቃ የሚፈጅበት መንደር "ዳር"፣ ከ75 በላይ የሚፈጅበት ደግሞ "እጅግ ዳር" ተባለ።

ይህን መለኪያ ለራሳችሁ ተጠቀሙበት። መንደሯን ከመረጣችሁ በኋላ ከቤቱ በር ተነሥታችሁ ሦስቱ ጋ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቁጠሩ። የምትቆጥሩት በመኪና ብቻ አይሁን። ወደ እነዚህ መንደሮች የሚሄደው አውቶቡስ ብዙውን ጊዜ በተማሪዎች ሰዓት የሚሠራ ስለሆነ፣ ትምህርት በሚዘጋበት ወቅትና በእሁድ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይቀራል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው እዚያ መኖር ይከብደዋል። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ምክንያት አለኝ፤ ከከተማ የመጣ ሰው ቤቱን ሲያስብ መንገዱን ይረሳል።

ሆስፒታሉን በተመለከተ፣ የካላብሪያ የጤና አስተዳደር በዕዳ ብዛት በ2010 በመንግሥት ኮሚሽነር ሥር ገብቷል። የሐኪም እጥረቱ ስለጸናባትም ከ2022 መጨረሻ አንስቶ የኩባ ሐኪሞችን አስመጥታ ታሠራለች። ኩላሊቱ የሚታጠብ ወይም በቅርብ የምትወልድ ሰው ቤተሰቡ ውስጥ ካለ፣ ይህ ጉዳይ ከቤቱ ዋጋ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ስለ ትምህርት፦ ተማሪ ባነሰበት መንደር የተለያየ ክፍል ልጆች በአንድ መምህር ሥር አብረው ይማራሉ፤ "ፕሉሪክላሴ" ይሉታል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት ብቻ አላየውም። የስምንት ዓመት ልጅ ከአሥር ዓመቷ ጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ቋንቋውን ቶሎ ሊለምድ ይችላል፣ መምህሯም ቤተሰቡን በስም ታውቃለች። ጭንቀቱ ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ያኔ ሊሴው (የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ) በሌላ ከተማ ስለሆነ በየቀኑ ይመላለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። መንደሯን ለማየት በኦገስት አትሂዱ። በዚያ ወር ከቶሪኖም ከጀርመንም የሄዱት ልጆች ለዕረፍት ስለሚመለሱ አደባባዩ ይሞላል፣ ቡና ቤቱም እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው። በፌብሩዋሪ ሂዱና መብራት የሚታይባቸውን መስኮቶች ተመልከቱ፤ ቤቱን በምን ማሞቅ እንደሚቻልም ጠይቁ። ከተቻለ ደግሞ ከመግዛት በፊት አንድ ክረምት ተከራይታችሁ ኑሩ።

እንጀራው ከየት ይመጣል?

በባሲሊካታ ሜልፊ የመኪና ፋብሪካ፣ በሞሊዜ ቴርሞሊ የሞተር ፋብሪካ አሉ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ግን ጥቂት ነው። በየመንደሩ ቶሎ የሚገኘው አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ፣ ማለትም ባዳንቴነት ነው፤ ልጆቹ የተሰደዱበት አገር አዛውንት ይበዙበታልና። ሌላው የእርሻ ሥራ ሲሆን፣ እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ ይገባል። በካላብሪያ ሮዛርኖ ብርቱካን የሚለቅሙ አፍሪካውያን በጃንዋሪ 2010 የደረሰባቸውን የተኩስ ጥቃት ተቃውመው አደባባይ ወጥተው ነበር። በ2016 የወጣው ሕግ ቁጥር 199 ሠራተኛን በደላላ የሚበዘብዙትንም አሠሪዎችንም ይቀጣል። ያለ ውል የሚቀጥራችሁን ሰው አትስሙ፤ ውል የሌለው ሰው ሶጆርኖውን (የመኖሪያ ፈቃዱን) ለማሳደስም ይቸገራል።

በተተወ መሬት ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ግን በሰሜን፣ በትሬንቲኖ የነበረችውን አጊቱ ጉደታን ማስታወስ ይገባል። አዲስ አበባ ተወልዳ ትሬንቶ የተማረችው አጊቱ፣ አገር ቤት የመሬት ነጠቃን በመቃወሟ በ2010 ወደ ጣሊያን ተመልሳ ለመሰደድ ተገደደች። በሞኬኒ ሸለቆ ሰው የተወውን 11 ሔክታር የሕዝብ መሬት ይዛ፣ ሊጠፋ የተቃረበ የፍየል ዝርያ አርብታ አይብ እየሠራች ሸጠች። በዲሴምበር 2020 በቤቷ ውስጥ መገደሏ የብዙዎችን ልብ ሰብሯል። ሥራዋ የጸናው ቦታው ያለውን፣ ማለትም ግጦሹንና ዝርያውን፣ መነሻ አድርጋ ስለጀመረች ነው።

የሪያቼ ትምህርት

በ1998 ኩርዶችን የጫነች ጀልባ በካላብሪያ ሪያቼ ዳርቻ ደረሰች። ከ2004 እስከ 2018 ከንቲባ የነበረው ዶሜኒኮ ሉካኖ ስደተኞችን የመንደሯ ሰዎች ትተዋቸው በሄዱት ባዶ ቤቶች አስፍሮ መንደሯን አነቃቃ፤ ትምህርት ቤቱም ተማሪ አገኘ። በ2018 ግን ሉካኖ ታሰረ። በ2021 ከ13 ዓመት በላይ ተፈረደበት፣ በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅጣቱን በገደብ ወደ ተወሰነ አንድ ዓመት ተኩል ዝቅ አደረገው። ለስደተኞቹ ማስፈሪያ ከመንግሥት ይመጣ የነበረው ገንዘብ ሲቋረጥ አብዛኞቹ ሄዱ። ሥራው ታላቅ እንደነበር አምናለሁ። ሆኖም ኑሮው በሙሉ በአንድ የመንግሥት በጀት ላይ የቆመ ቤተሰብ በጀቱ ሲዘጋ መንገድ ላይ ይቀራል።

ወረቀቱ

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣና ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሰው በገባ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሶጆርኖ ያመለክታል። ቀጥሎ በኮሙኔው መዝገብ ነዋሪ ተብሎ መመዝገብ ነው፤ የቤት ሐኪም የሚመረጠውም ሆነ ብዙው አገልግሎት የሚገኘው በዚህ ነው። ካመለከታችሁ በኋላ ባሉት 45 ቀናት ውስጥ የኮሙኔው ፖሊስ በእርግጥ እዚያ መኖራችሁን ለማየት ሳይነግራችሁ በር ሊያንኳኳ ይችላል። ስማችሁን ደወሉ ላይ ለጥፉ። የሥራ ሰዓታችሁንም ማመልከቻው ላይ ጻፉ፤ ባዶ ቤት አግኝቶ ከተመለሰ ምዝገባው ሊሰረዝ ይችላል።

ዜግነት ለሚያስብ ይህ ምዝገባ ከሁሉ ይከብዳል። ከኅብረቱ ውጭ ለመጣ ሰው 10 ዓመት፣ ጥገኝነት ላገኘ ስደተኛ 5 ዓመት ሕጋዊ ነዋሪነት ይጠየቃል፤ የሚቆጠረውም ሳይቋረጥ በመዝገቡ የተጻፈው ነው። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ስትዛወሩ አዲሱ ኮሙኔ ሳይመዘግባችሁ አሮጌው ከሰረዛችሁ ቆጠራው ይቋረጣል። ስለዚህ የድሮውን ቤት ቁልፍ ከመመለሳችሁ በፊት በአዲሱ መንደር የተመዘገበ የኪራይ ውል ይኑራችሁ፤ ያመለከታችሁበትንም ደረሰኝ ጠብቃችሁ አስቀምጡ።