የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ አየር አንድ አይደለም

ከመካከላችን ብዙዎች ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ ግቢ እንመላለሳለን። ስልካችን ላይ «አዲስ አበባ» ተብሎ የሚወጣው የአየር ጥራት ቁጥር ግን የሰፈራችንን አየር አይነግረንም። ለዓመታት ብዙ ሲጠቀስ የነበረው መለኪያ አዲስ አበባ ውስጥ የአሜሪካ ኤምባሲ የተከለው ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የኤምባሲዎቹን መረጃ ማጋራት አቁሟል።

የሚለካው በዋናነት ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ደቃቅ ብናኝ ነው። አፍንጫ አይዘውም፤ ሳንባ ዘልቆ ደም ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓመታዊ አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳያልፍ መክሯል፤ ቀድሞ 10 ነበር።

ልዩነቱን የሚያመጣው ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ የመሬቱ አቀማመጥም ነው። ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት መሬት ትቀዘቅዛለች፣ አጠገቧ ያለው አየርም እንዲሁ። ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ይከድነዋል፤ የማታው ጭስ ከሥሩ ታፍኖ ያድራል። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ የምትገኘው ዶኖራ እ.ኤ.አ. በ1948 እንዲህ ያለ ክዳን ለቀናት ተደፍቶባት 20 ሰዎች ሞተዋል። ፋብሪካ በሌሎች ከተሞችም ነበር፤ ዶኖራ ግን ሸለቆ ውስጥ ነች።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ሜዳ ላይ ናት፤ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀዝቃዛ አየር እንዲህ ባለ ቦታ ይተኛል። በዚያ ላይ የኩበቱ ጭስና በጎጃም መንገድ ከደርባ ሲሚንቶ ጭነው የሚመጡ መኪኖች አሉ። ሰበታ ከወጨጫ ሥር፣ በጅማ መንገድ ፋብሪካዎች መካከል ትገኛለች። ቡራዩ በአምቦ መንገድ ላይ ስትሆን፣ በእኛ እይታ የበጋ ችግሯ ከጭሱ ይልቅ የውስጥ ለውስጥ መንገዶቿ አቧራ ነው። ሦስቱም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ያረጀ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በደንብ ሳያቃጥል ጥቁር ጭስ ይተፋል።

የጓዳውን ነገር ግን እንዳንረሳ። በእንጨትና በቅጠል እንጀራ የምትጋግር እናት ከመንገድ ዳር ሰው የበለጠ ጭስ ልትውጥ ትችላለች። ቤት ተከራይተን የምንኖር ደግሞ ከሰል አቀጣጥለን በር ዘግተን አንተኛ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

አስም ያለባችሁ ሩጫችሁን ከሱብሒ በኋላ ሳይሆን ክዳኑ በፀሐይ ከተነሳ በኋላ፣ ለምሳሌ ከዙህር በኋላ አድርጉት። ሱብሒ ወደ መስጂድ ስትሄዱም ከአስፋልቱ ይልቅ የውስጡን መንገድ ምረጡ። የአካባቢ ሳይንስና የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ደግሞ ትንንሽ መለኪያዎች አግኝተው በሦስቱ ቦታዎች በአንድ ሰዓት ቢለኩ ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ይወጣዋል። አንዱን ሱሉልታ ሜዳው ላይ፣ አንዱን ሰበታ አስፋልት ዳር፣ አንዱን ቡራዩ ሰፈር ውስጥ፤ ከተቻለ አራተኛውን ጓዳ ውስጥ።