«ቤቶች!» በሉ

በደባርቅ ብርዳማ ጠዋት እንግዳ ደጅ ላይ የደረሰ ሰው ዝም ብሎ አይገባም። ጋቢውን አስተካክሎ «ቤቶች!» ይላል። ውስጥ ማን እንዳለ አያውቅም፤ የቆመበትን ደጅ ግን ያውቃል። ያ አንድ ቃል አክብሮቱን ቀድሞ ያስገባለታል።

የሥራ ማመልከቻም እንዲሁ ነው። የክፍት ሥራ ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ፣ ማታ ለመጻፍ ስትቀመጡ የመጀመሪያው መስመር ያስጨንቃል፤ «ለማን ልበል?» ብዙዎቻችን «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለን እናልፈዋለን። ይህ አነጋገር ለሥራ ልምድ ማስረጃ ይስማማል፤ ማስረጃ የትም ሊቀርብ ይችላልና። ማመልከቻችሁ ግን የሚሄድበት ቤት አለው።

ያንን ቤት ፈልጉት! ማስታወቂያውን እስከ ግርጌው ደግማችሁ አንብቡ። ስልክ ካለው ደውሉና «ማመልከቻውን ለማን ላድርገው?» በሉ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ስም ከተገኘ ከነማዕረጉ ጻፉት። ካልተገኘ የመሥሪያ ቤቱን ስምና የሰው ሀብት ክፍሉን፣ ከሥሩ «ደባርቅ»፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻ» በሉ። ክፍሉን ስትጠሩ «ክቡር» ነው ወይስ «ክብርት» የሚለው ጭንቀትም ይቀራል። «ውድ» የሚለው ለወዳጅ ደብዳቤ ይቆይ።

ስሜን ተራሮች ላይ ላለ ሎጅ ወይም ለአስጎብኚ ድርጅት በእንግሊዝኛ ስትጽፉ፣ ስም ካጣችሁ «ዲር ሃየሪንግ ማናጀር» ያምራል። የፈረንጅ ስም ካገኛችሁ ግን ልብ በሉ፦ እኛ «አቶ» የምንለው በራሱ በሰውዬው ስም ነው፤ እነሱ «ሚስተር» የሚሉት በቤተሰብ ስም ነው።

ስለ አጠራር ከታሪክም አንድ ምሳሌ እንይ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ስሜን፣ ደረስጌ ማርያም ነው። በ1855 ዓ.ም. አይተዋት ለማያውቋት ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ሲጽፉ በማዕረጓ ጠርተው ነው። የጠበቁት መልስ አልመጣላቸውም። አዎ፣ መልሱ ምንጊዜም በተቀባዩ እጅ ነው፤ አጠራሩ ግን በጸሐፊው እጅ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ረቂቃችሁን አውጡ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ሰርዙና የቤቱን ስም ጻፉበት። አንድ ደጅ ባይከፈት ወደሚቀጥለው ስትሄዱም የዚያኛውን ስም አጥርታችሁ ጥሩ። የተማራችሁት፣ የለፋችሁበት፣ የምትችሉት ሁሉ ከዚያች መስመር ቀጥሎ ይገባል። ቀና ብላችሁ «ቤቶች!» በሉ።