በግቢያችን ጽድ ላይ የሚያድሩት በቀቀኖች

በቀቀን ሲባል ወደ ብዙዎቻችን ዐሳብ የሚመጣው በሽቦ ቤት ተቀምጦ የሰው ቃል የሚደግም፣ ከሩቅ አገር የመጣ ወፍ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖር የበቀቀን ዐይነት መኖሩን፣ ይኸውም እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው ዛፍ ላይ የሚመላለስ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኛም ፎቶግራፍ ልናነሣው እስከ ተነሣንበት ቀን ድረስ አናውቅም ነበር። «እኛ» የምንለው በጉለሌ በአንድ ግቢ ተከራይተን የምንኖር ሦስት የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት ነን። በዚህ ጽሑፍ ስለ ወፉ ያጠናነውንና ስናነሣው የተማርነውን እናቀርባለን፤ የሠራነውንም ስሕተት አንደብቅም።

ወፉ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው፤ ርዝመቱ 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ገጽ ቀለም ስለሌለው መልኩን በቃል እንግለጸው። ሰውነቱ አረንጓዴ፣ ምንቃሩ ቀይ ነው። የወንዱ ግንባርና የዐይኑ ዙሪያ እንደ በሰለ በርበሬ የቀላ ሲሆን፣ የሴቲቱ ግንባር ግን እንደ ሰውነቷ አረንጓዴ ነው። ተቀምጠው ሳሉ የማይታየው ጥቁር ቀለም የክንፋቸው የውስጥ ወገን ነው፤ ሲበሩ ብቻ ብልጭ ይላል። የጽድ ፍሬና ሾላ ይወዳሉ። የሳይንስ ስማቸው «አጋፖርኒስ ታራንታ» ነው። አጋፖርኒስ የሚለው ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው፤ አጋፔ ፍቅር፣ ኦርኒስ ወፍ ማለት ነው። አጋፔ የሚለውን ቃል ከጉባኤ ስለምናውቀው በወፍ ስም ላይ ስናገኘው ተገርመናል። ስሙ የተሰጣቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡና አንዱ የሌላውን ላባ ስለሚያበጥር ነው። ታራንታ ደግሞ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ኤርትራ ደጋ የሚያወጣ የተራራ መተላለፊያ ነው። ወፉ በዚህ ስም የተመዘገበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1814 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ስለ ሐበሻ ጉዞው ካሳተመው መጽሐፍ ጋር ነው።

በግቢያችን ጥግ አንድ አሮጌ ጽድ አለ። ጫፉ ደርቋል፤ ከመሬት አምስት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎም ግንዱ ላይ ቀዳዳ አለ። በጥቅምት ወር ስድስት በቀቀኖች በዚህ ቀዳዳ ሲያድሩ አየን። ጧት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ይወጣሉ፤ ማታ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይመለሳሉ።

በመጀመሪያ በስልክ ሞከርን። ከዐሥር ሜትር ርቀት የወጣው ቅጠል ብቻ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ግን «ይኸው፣ ወፉ ይኸው!» እያለ ለሁለት ቀን አሳየን፤ ኋላ ስናጐላው የቅርንጫፍ ጉጥ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ባለ ረዥም ሌንስ ካሜራ ከዘመድ ተዋስን።

ሌንሱ ግን ብቻውን አልበቃም። በአዲስ አበባ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ የወፉ ጀርባ ነጭ፣ ሆዱ ደግሞ ጥላሸት ይመስላል። ደጉ ብርሃን ጧት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ነው፤ ፀሐይዋም ከአንሺው ጀርባ ብትሆን ይመረጣል። ትኩረቱን ዐይኑ ላይ ማድረግ ይገባል፤ ዐይኑ ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ካልታየ ወፉ በሕይወት ያለ አይመስልም። በክንፉ ሳለ ለማንሣት ደግሞ የካሜራው መስኮት ከሰከንድ አንድ ሺኛ ለማይበልጥ ጊዜ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ነበረብን፤ አለዚያ ክንፉ ጭስ ይሆናል። ከሁሉ ያስቸገረን ግን አረንጓዴው ነው። አረንጓዴ ወፍ በአረንጓዴ ዛፍ ላይ ሲቀመጥ ካሜራውም እንደ እኛ ይታለላል። ስለዚህ ወፉን ከሰማይ ወይም ከደረቀው ግንድ ፊት ለፊት እስኪቀመጥ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ስለዚህ አረንጓዴ ስናነብ ያላሰብነውን አገኘን። የበቀቀን ላባ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም የለም። ያለው ቢጫ ቀለም ነው። ከዚያ ሥር የላባው እጅግ ረቂቅ አሠራር ከሚያርፍበት ብርሃን ሰማያዊውን መርጦ ይመልሳል፤ ሰማያዊው በቢጫው ውስጥ ሲያልፍ ለዐይናችን አረንጓዴ ይሆናል። ቢጫውና ቀዩ ቀለምም የበቀቀኖች ብቻ ነው፤ ሌሎች ብዙ ወፎች እንዲህ ያለውን ቀለም ከሚበሉት ምግብ ሲያገኙ፣ በቀቀኖች ግን ራሳቸው በሰውነታቸው ይሠሩታል። ይህን ካነበብን በኋላ ያነሣናቸውን ፎቶግራፎች እንደ አዲስ ነው ያየናቸው።

እግራቸውንም ልብ ብለን ተመልክተናል። ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ነው። ቀጥ ባለ ግንድ ላይ ሲወጡ በምንቃራቸው ይነክሱና ሰውነታቸውን ይስባሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በዚሁ በአጋፖርኒስ ወገን በሌላ ዐይነት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ምንቃሩ ለመደገፍ ብቻ ሳይሆን እንደ ሦስተኛ እግር ሰውነትን ለመግፋት እንደሚሠራ ለክቶ አሳይቷል።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንምጣ። የግቢው ባለቤት አንዲት አረጋዊት እናት ናቸው። ጽዱ ማድ ቤታቸው ላይ እንዳይወድቅ ስለሚሠጉ ለማስቆረጥ ካሰቡ ቈይተዋል። «እማማ፣ እባክዎ ፎቶግራፉን እስክንጨርስ ይታገሡን» ብለን ለምነን ፈቅደውልን ነበር። እኛ ግን የቀዳዳው አፍ በሁለት ቅርንጫፎች ስለተጋረደና ሥዕሉን ስላበላሸብን፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ መሰላል አቁመን ሁለቱንም ቈረጥናቸው። ቀዳዳው ፍንትው ብሎ ታየ። በዚያ ምሽት ወፎቹ መጡ፣ ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞሩት፣ ሳይገቡም ሄዱ። በማግሥቱም አላደሩም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዐሥራ አንድ ቀን ሆነ።

ያን ጊዜ ነው ቀድሞ ማሰብ የነበረብንን ያሰብነው። እነዚህ ወፎች ራሳቸው ግንድ መፈልፈል አይችሉም፤ በብስባሽ የተከፈተ ወይም ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ የተወውን ቀዳዳ ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚገኘው ደግሞ ባረጀ ዛፍ ላይ ነው። በዙሪያችን የሞላው ባሕር ዛፍ ሳያረጅ ስለሚቈረጥ ለዚህ አይሆንም። ያ ቅርንጫፍም ለእኛ እንቅፋት ሲሆን ለእነርሱ ከጭልፊት የሚሰውራቸው መጋረጃ ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን እማማ፣ «እንግዲህ ወፎቹም ሄዱላችሁ። ነገ ቈራጩን ልጥራው» አሉን። ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ዛፉን የነካነው እኛ መሆናችንን አላወቁም። ነገር ግን ሁሉንም ነገርናቸው። ቈጡን እንጂ አልጮኹብንም፤ «ዐይናችሁ ሥዕል ሲያይ ቤታቸውን አላየም ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ወንዱ በቀቀን ከቀዳዳው አንገቱን ብቅ አድርጎ የተነሣበትን ፎቶግራፍ አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ሲመለከቱት ቈዩና፣ «ይኼ ነው እንዴ ጧት ጧት የሚቀሰቅሰኝ? ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ድምፁን እሰማለሁ፤ ግንባሩ ቀይ መሆኑን ግን ዛሬ አየሁ» አሉን።

ቈራጩ መጣ። እማማ ግን ወደ ማድ ቤቱ ያዘነበለውን ደረቅ ጫፍ ብቻ አስቈረጡና ግንዱን ተዉት። እኛም የጣልናቸውን ቅርንጫፎች ፈልገን በገመድ ወደ ቦታቸው አሰርናቸው። ይሠራል ብለን አልነበረም፤ ቅጠሉም እየደረቀ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ማታ ሁለቱ ገቡ። በሳምንቱ አራት ሆኑ።

ጽድና ወይራ ባለበት ቅጥር፣ በተለይም በአሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ፣ ጧት ቀና ብላችሁ ብትመለከቱ ቀጭን የጭርጭርታ ድምፅ ትሰሙ ይሆናል። ማንሣት የምትፈልጉ ካላችሁ በሚበሉበት ዛፍ አንሡአቸው እንጂ በሚያድሩበት ቀዳዳ አጠገብ አትቁሙ፤ ፍላሽም አትጠቀሙ። ካሜራውን ለባለቤቱ መልሰናል። አሁን ማታ ማታ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ከእማማ ጋር ተቀምጠን እንቈጥራለን። እስከዚህ ሳምንት ድረስ አራት ናቸው፤ ሁለቱ አልተመለሱም።