“ሲዘጋ በምን ተተካ?”
ለአንዲት የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች የተሰጠ ምክር

ልጄ፣

ጀርመን አገር ከአካባቢ ጥበቃ ወዳጆችሽ ጋር ስትሰለፊ፣ የኒውክሌር ኃይል ይደገፍ ባልሽ ቁጥር እንደ ከሃዲ እንደሚያዩሽ ነግረሽኛል። ተስፋ አትቁረጪ። የያዝሽው እውነት ነው፤ እውነት ግን አነጋገር ይፈልጋል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉና የአርብቶ አደሩ ከብት በየሜዳው ሲያልቅ አይተናል። የአየር ንብረት ጉዳይ ለእኛ የቅንጦት ወሬ አይደለም። ስለዚህ ወዳጆችሽን ለመርታት ሳይሆን ለማሳመን የሚረዳሽን ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ፍርሃታቸውን አታጣጥዪ። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና ፍርሃቱ ከየት እንደበቀለ እወቂ። በ1975 ቪል በምትባል የራይን ዳር መንደር የኒውክሌር ጣቢያ እንዳይሠራ ብለው ቦታውን ከያዙት መካከል የአካባቢው የወይን ገበሬዎች ነበሩበት። በ1986 የቼርኖቤል ብክለት ከዝናብ ጋር ባቫሪያ ላይ ሲወርድ፣ እናቶች ለልጆቻቸው ወተት መስጠት ፈሩ። ዛሬም በባቫሪያ ጫካ የሚታደን የዱር አሳማ ሥጋ ጨረሩ ይለካል። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሁለቱ ኃያላን የኒውክሌር ሚሳይል ደግነው የተፋጠጡትም በዚያው ምድር ላይ ነበር። ይህን ያሳለፈን ሰው “አላዋቂ” ብትዪው ጆሮውን ይነፍግሻል። መጀመሪያ “ፍርሃታችሁ ምክንያት አለው” በዪ፤ ከልብሽም በዪው።

2. “ሲዘጋ በምን ተተካ?” ብለሽ ጠይቂ። የክርክሩ ሁሉ መፍቻ ይህ ጥያቄ ነው። በጃንዋሪ 2023 ጀርመን ውስጥ ሉትሰራት የተባለች ትንሽ መንደር፣ ከሥሯ ያለው ቡናማ የድንጋይ ከሰል እንዲቆፈር ሲባል ፈረሰች። ወጣቶች ዛፍ ላይ ጎጆ ሠርተው፣ ጭቃ ውስጥ ቆመው ሲከላከሉላት ፖሊስ እየለቀመ አወጣቸው። አጠገባቸው የፎቅ ቁመት ያለው መቆፈሪያ መሬቱን ይገምስ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ አፕሪል 15፣ ያችው አገር የመጨረሻዎቹን ሦስት የኒውክሌር ጣቢያዎቿን፣ ኢዛር 2ን፣ ኤምስላንድንና ኔካርቬስትሃይም 2ን ዘጋች። በዋዜማው ዓመት ከጀርመን ኤሌክትሪክ ሲሶው ገደማ ከከሰል የመጣ ነበር።

ወዳጆችሽ “ከተዘጉ በኋላ እኮ ከሰሉ ቀንሷል” ይሉሻል። እውነታቸውን ነው፣ አትካጂ። ፀሐይና ነፋስ ጨምረዋል፣ ፍጆታ ቀንሷል፣ ከጎረቤትም ተገዝቷል። ነገር ግን ጣቢያዎቹ ቢቆዩ ኖሮ ከሰሉ ከዚህም በላይ በቀነሰ ነበር። አዲስ የመጣው ንጹሕ ኃይል ከፊሉ የዋለው ሌላ ንጹሕ ኃይል የተወውን ክፍተት ለመሙላት ነው። ቀድሞ መዘጋት የነበረበት የትኛው ነው? ለሉትሰራት ጭቃ ውስጥ የቆመ ወጣት ይህ ጥያቄ ከማንም በላይ ይገባዋል።

3. የሞቱትን ሳታሳንሺ ተናገሪ። ቼርኖቤል ላይ በፍንዳታውና በኃይለኛ ጨረር ሠላሳ ያህል ሠራተኞችና እሳት አጥፊዎች በወራት ውስጥ ሞተዋል። የተበከለ ወተት ከጠጡት ሕፃናት መካከል በሺዎች የሚቆጠሩት በታይሮይድ ካንሰር ታመዋል፤ አብዛኞቹ ታክመው ድነዋል። በ2005 የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባወጡት ግምት፣ ብዙ ጨረር ካገኛቸው ሰዎች መካከል ውሎ አድሮ እስከ 4,000 ሊሞቱ ይችላሉ። በ2011 ፉኩሺማ ላይ ሱናሚው የናፍጣ ጄኔሬተሮቹን ባጥለቀለቀ ጊዜ ደግሞ፣ ከጨረሩ በላይ ሰው የፈጀው መፈናቀሉ ነው። ከሆስፒታልና ከአረጋውያን መጦሪያ በጥድፊያ የወጡ ብዙ አዛውንቶች ሕይወታቸው አልፏል፤ ከመፈናቀሉ ጋር በተያያዘ በዚያ ግዛት የሞቱት ከ2,000 ይበልጣሉ።

የኦናጋዋን የኒውክሌር ጣቢያ ታሪክም ንገሪያቸው። ያ ጣቢያ ለመሬት መንቀጥቀጡ እምብርት ከፉኩሺማው ይልቅ ቅርብ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ላይ በመሠራቱ ግን ተረፈ፤ ማዕበሉ ቤታቸውን የወሰደባቸው የአካባቢው ሰዎችም የተጠለሉት በጣቢያው የስፖርት አዳራሽ ነበር። ከሰሉን ማንሳት ያለብሽ ይህን ሁሉ ካልሽ በኋላ ነው። የከሰል ጭስ አንዳች አደጋ ሳይደርስ፣ በደህናው ቀን፣ ሰው ይገድላል። ለእኩል መጠን ኤሌክትሪክ ሲሰላ ከሰል የሚያጠፋው ሕይወት ኒውክሌር ከሚያጠፋው በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል።

4. ዝቃጩን ራስሽ አንሺው። እስኪጠይቁሽ ከጠበቅሽ የደበቅሽ ይመስላቸዋል። የሚሰጉት የአባት ዕዳ ለልጅ እንዳይተርፍ ነው፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። ያገለገለው ነዳጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት አደገኛ ሆኖ ይቆያል። ይሁን እንጂ ጠጣር ነው፣ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ያለበትም ይታወቃል። ፊንላንድ ኦንካሎ የተባለውን ማከማቻ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ወደ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው አለት ውስጥ ፈልፍላለች። ነዳጁ በመዳብ መያዣ ታሽጎ፣ ዙሪያው በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ እንዲቀበር ነው የተሠራው። የከሰል ጭስ ማከማቻው ግን የምንተነፍሰው አየር ነው። እሱም ለልጅ የሚተርፍ ዕዳ ነው።

5. ፀሐይንና ነፋስን አታንኳስሺ። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2014 ባወጣው ስሌት፣ ከግንባታ እስከ ማፍረስ ያለው ሁሉ ተደምሮ፣ ኒውክሌርም ነፋስም ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 12 ግራም ገደማ ካርቦን ይለቃሉ፤ ጋዝ 490፣ ከሰል 820። ወንድማማቾችን አታጣዪ። ፀሐይ ቶሎ ትተከላለች፣ ርካሽ ናት፤ ኒውክሌር ደግሞ ነፋስ በሌለበት የክረምት ሌሊትም ይሠራል። ለአገር ሁሉ አንድ መድኃኒትም አትዘዢ። የእኛ አገር መብራት አብዛኛው ከውኃ ነው፤ ከሰል የምታነደው ጀርመን ግን ጥያቄዋ ሌላ ነው።

6. ዋጋውንና መዘግየቱን አትሸፍኚ። የፊንላንዱ ኦልኪሉኦቶ 3 ሪአክተር በ2005 ተጀምሮ፣ በ2009 ያልቃል ተብሎ፣ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2023 ነው። አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ የተሠሩት ሁለት የቮግትል ሪአክተሮች ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅተዋል። ከዚያ በኋላ የተሳካውን አሳዪ። ፈረንሳይ በ1974 ወስና በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን ከኒውክሌር ማመንጨት ችላለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2012 ባራካ ላይ ጀምረው እስከ 2024 አራት ሪአክተሮችን ሥራ አስገቡ፤ አቡ ዳቢ ያሉ እህቶቻችን ከሚያበሩት መብራት አንድ አራተኛው ያህል ከዚያ ይመጣል። ሁለቱም የተሳካላቸው አንዱን ንድፍ እየደጋገሙ፣ እጁ የተፍታታ ባለሙያ ሳይበትኑ በመሥራታቸው ነው። ገና በብዛት ስላልተሠሩ ትናንሽ ሪአክተሮች ግን ብዙ ተስፋ አትስጪ፤ “ላም አለኝ በሰማይ” ይሆንብሻል።

7. ምስክርሽን ከራሳቸው ወገን አቅርቢ። የኩባንያ ሰው ቢናገር “ለእንጀራው ነው” ይባላል። ጄምስ ሃንሰን ግን በ1988 ስለ ምድር መሞቅ ለአሜሪካ ምክር ቤት የመሰከረ ሳይንቲስት ነው፤ በ2013 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የአካባቢ ተሟጋቾች ኒውክሌርን እንዲደግፉ ግልጽ ደብዳቤ ጽፏል። የፊንላንድ አረንጓዴ ፓርቲ በ2022 የቆየ ተቃውሞውን ትቶ ኒውክሌርን ደግፏል። ግሬታ ቱንበርግም በዚያው ዓመት ለጀርመን ቴሌቪዥን፣ የሚሠሩ ጣቢያዎችን ዘግቶ ወደ ከሰል መሄድ ስህተት ነው ብላለች።

8. ከትንሹ ጀምሪ። አዲስ ጣቢያ ይሠራ ማለት ትልቅ ጥያቄ ነው፤ የሚሠራው አይዘጋ ማለት ግን ቀላሉ ነው። ካሊፎርኒያ በ2022 ዲያብሎ ካንየን የተባለው ጣቢያዋ እስከ 2030 እንዲቆይ ሕግ አውጥታለች፤ ቤልጂየም ሁለት ሪአክተሮቿን እስከ 2035 አራዝማለች። ስፔን ደግሞ የእሷን በየተራ ለመዝጋት ዕቅድ ይዛለች፤ ወዳጆችሽ ድምፃቸውን ማሰማት የሚችሉበት ጊዜ ገና አላለፈም። ሰልፍ ስትወጪ መፈክርሽ “መጀመሪያ ከሰሉ ይዘጋ” የሚል ይሁን። ይህን የሚቃወም የአካባቢ ወዳጅ አታገኚም፤ የቀረውን ከዚያ ተነሥታችሁ ትነጋገሩበታላችሁ።

እግዚአብሔር ያበርታሽ፣ ልጄ።